«ጨዋታ ነው» እያልን የምንዘጋው በር

ባለፈው ወር ከአንድ የግል ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ቢሮ ባዶ እጄን ወጣሁ። ባዶ እጄን ስል ለአባባል ነው፤ እጄ ላይስ ካርቶን ነበር። ካርቶኑ ውስጥ አንድ ጆይስቲክ፣ አንድ የሞተር ኃይል መቆጣጠሪያ (ስሮትል) እና ከጣውላ የተሠራ የእግር ፔዳል። የእህቴ ልጅ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ቅዳሜ ከሰዓት ተቆልፎ በሚውለው የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ የበረራ ሲሙሌተር ክበብ እንዲፈቀድላት ማመልከቻ አስገባች፤ «ወላጅ ይዘሽ ነይ» ተባለች። እናቷ ሥራ ላይ ስለነበረች ወላጁ እኔ ሆንኩ።

ዳይሬክተሩ ጨዋ ሰው ናቸው። ቡና አስመጡልኝ። ካርቶኑን ከፍተው አዩና ፈገግ አሉ። «እርስዎ ጋዜጠኛ ነዎት፣ ይገባዎታል። ወላጅ የሚከፍለኝ ልጁ እንዲማር እንጂ ጌም እንዲጫወት አይደለም» አሉኝ። ቡናቸውን እየጠጡ መሟገት ነውር መስሎኝ አመስግኜ ወጣሁ።

ይህ ጽሑፍ እዚያ ያልሰጠሁት መልስ ነው። ለእሳቸው ብቻም አይደለም። «ጨዋታ ነው» የምትለዋን ዐረፍተ ነገር እንደ ማኅተም ይዘን የልጆች ማመልከቻ ላይ ለምንመታ ሁሉ ነው።

*

መጀመሪያ ካርቶኑ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ እንነጋገር። ብዙ ሰው ጉዳዩን ሳያውቅ ነው የሚፈርደው።

ጆይስቲኩ መርካቶ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ የተገዛ ነው። ስሮትሉን ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር የአጎቴ ልጅ ቁም ሳጥኑ ውስጥ አቧራ ሲጠጣ ከኖረበት አውጥቶ በሰው ላከልን። ፔዳሉን ግን ልጅቷ ናት የሠራችው። ጣውላውን የሰፈራችን አናጢ ቆረጠላት፤ ማጠፊያው የቁም ሳጥን በር ማጠፊያ ነው። ሥሩ ላይ ያለው ፖቴንሽዮሜትር በድሮ ሬዲዮ የድምፅ መጨመሪያ ውስጥ ከሚገኘው ጋር አንድ ዓይነት ነው። ከእሱ የሚወጣውን ቮልቴጅ አርዱዊኖ የምትባል ከጣት ብዙም የማትበልጥ ሰሌዳ ታነበውና ለኮምፒውተሩ «እኔ ጆይስቲክ ነኝ» ብላ ትናገራለች። ኮምፒውተሩም ያምናታል።

ሦስቱን ዕቃዎች በዩኤስቢ የሰካን ለታ ምሽት አውሮፕላኑ አበደ። አልጋነንኩም። ሴስና 172 ቦሌ መንደርደሪያ ላይ ቆሞ፣ ማንም ሳይነካው አፍንጫውን ወደ ግራ ያዞራል፤ ሞተሩ እንደ ታመመ ሰው ይጮህና ይበርዳል፤ ፍሬኑ አልለቅ ይላል። እኔ «የተገዛው ዕቃ ነው የተበላሸው» ብዬ ፈረድኩ። እሷ ወረቀት አወጣች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጆይስቲክ ላይ ያለ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ለኮምፒውተሩ አንድ መስመር ነው፤ አክሲስ ይሉታል። ወደ ፊትና ወደ ኋላ መግፋት አንድ አክሲስ፣ ወደ ጎን ማዘንበል ሁለተኛ። ብዙ ጆይስቲኮች ደግሞ እጀታው ራሱ ይጠመዘዛል፤ ይሄ ፔዳል ለሌለው ሰው የፔዳልን ሥራ ይሠራል። ግርጌው ላይ ትንሽ ተንሸራታች አለች፤ እሷም ስሮትል ለሌለው ሰው ስሮትል ናት። ሲሙሌተሩ አዲስ ዕቃ ሲሰካለት ሳይጠይቅ ለእያንዳንዱ ሥራ ያድላል። ጆይስቲኩን ሲያገኝ ጠምዛዛውን «አንተ አፍንጫ አዙር» ይለዋል። ፔዳሉን ሲያገኝም ያንኑ ሥራ ይሰጠዋል። ስሮትሉን ሲያገኝ የሞተሩን ኃይል ይሰጠዋል፤ ከተንሸራታቿ ግን አልቀማትም። ስለዚህ በአንድ አውሮፕላን ላይ ለአፍንጫው ሁለት አለቃ፣ ለሞተሩ ሁለት አለቃ ተሾመ። መርካቶ የተገዛው ጆይስቲክ ውስጡ አቧራ ስላለው ማንም ሳይነካው እንኳ ይንቀጠቀጣል፤ እያንዳንዷ ንቅጥቃጤም ትእዛዝ ሆና ትሄዳለች።

ፍሬኑስ? የፔዳሉ አቅጣጫ ተገልብጦ ነበር። እግር ሲነሳ «ተረገጥኩ»፣ ሲረገጥ «ተለቀቅኩ» ይላል። አንድ ምልክት አድርጎ አቅጣጫውን መገልበጥ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።

ልጅቷ ወረቀቱን በሁለት ዓምድ ከፈለችው። በግራ አውሮፕላኑ የሚፈልጋቸው ሥራዎች፣ በቀኝ ያሉን ዕቃዎች። ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ባለቤት ብቻ። የጠምዛዛውን ሥራ ሰረዘች፣ የተንሸራታቿን ሰረዘች። ከዚያ ወደ ሲሙሌተሩ ከመመለሷ በፊት በዊንዶውስ የጌም መቆጣጠሪያዎች መስኮት ውስጥ እያንዳንዱን ዕቃ ለብቻው ፈተነችው፤ ችግሩ ከዕቃው ይሁን ከፕሮግራሙ ለመለየት ነው። ለሚንቀጠቀጠው ጆይስቲክ መሀል ላይ ትንሽ የማይሰማ ክፍተት ሰጠችው። አንድ ነገር ብቻ ትቀይራለች፣ ትሞክራለች፣ ትጽፋለች። እኔ አምስት ነገር በአንዴ ልቀይር ስል እጄን መታችኝ። «ጋሼ፣ አምስቱን ቀይረህ ቢሠራ የትኛው እንደሠራ በምን ታውቃለህ?» አለችኝ።

ይህን ጥያቄ እኔ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በዲግሪ ትምህርት አልተጠየቅኩም። ክቡር ዳይሬክተር፣ እርስዎ «ጌም» ያሉት ይሄ ነው።

በማግስቱ መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ ሁሉም ተዘበራረቀ። ዕቃዎቹን ነቅለን መልሰን ስንሰካ ቀዳዳ ቀይረን ነበር፤ አንዳንድ ፕሮግራም ቀዳዳው ሲቀየር ዕቃውን እንደ እንግዳ ይቆጥረዋል። እያንዳንዱ ቀዳዳ ላይ ፕላስተር ለጥፋ ስም ጻፈችበት፤ የሠራችውን ቅንብርም በፍላሽ አስቀመጠች። ሦስቱም ዕቃ በአንድ ርካሽ ማከፋፈያ ላይ ሲሰካ አንዱ እየጠፋ ሲያስቸግርም ምክንያቱን አገኘችው፦ የራሱ የኃይል ምንጭ የሌለው ማከፋፈያ ከኮምፒውተሩ አንድ ቀዳዳ የሚያገኛትን ጥቂት ኃይል ለሁሉም ያካፍላል፤ አይበቃም። የራሱ መሰኪያ ያለው ሲገባ ችግሩ ጠፋ። የፊዚክስ መምህሯ ኦም ሕግን ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ አሁን የምታየው ፊደል ብቻ አይደለም።

*

አሁን ደግሞ «ጨዋታ» ስለሚለው ቃል።

ኤድዊን ሊንክ የሚባል አሜሪካዊ ነበር፤ ኒውዮርክ ግዛት ቢንግሃምተን ከተማ። አባቱ የፒያኖና የኦርጋን ፋብሪካ ነበረው። ልጁ መብረር ለመማር ሲፈልግ ክፍያው ውድ ሆነበት። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ የኦርጋኑን የአየር ወናፍና ቱቦ ገጣጥሞ መሬት ሳይለቅ የሚያዘነብል፣ የሚያቀና፣ የሚዞር ትንሽ የእንጨት አውሮፕላን ሠራ። ማን ገዛው መሰላችሁ? የመዝናኛ ፓርኮች። ሕዝብ ሳንቲም እየከፈለ ይስቅበት ነበር። የጦር አቪዬሽኑ ሰዎች «መጫወቻ ነው» ብለው አለፉት።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 1934 የአሜሪካ መንግሥት ፖስታ የማመላለሱን ሥራ ለሠራዊቱ አብራሪዎች ሰጠ። በክረምት፣ በጭጋግ፣ በሌሊት። በመሣሪያ ብቻ እየተመሩ መብረር በቅጡ ያልሠለጠኑት አብራሪዎች በጥቂት ወራት ውስጥ ተራ በተራ አለቁ፤ ከ10 በላይ ሞቱ። ከዚያ በኋላ ነው ሠራዊቱ የሊንክን «መጫወቻ» ስድስት ገዝቶ የጀመረው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቁጥሩ ከ10 ሺህ አልፎ፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ አብራሪዎች በዚያ ሣጥን ውስጥ ሠለጠኑ። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አብራሪዎች የሚሠለጥኑባቸው ግዙፍ ሲሙሌተሮች የዚያ የመዝናኛ ፓርክ ዕቃ የልጅ ልጆች ናቸው።

«ጨዋታ ነው» የሚለው ፍርድ እዚያ የሰው ነፍስ አስከፍሏል።

«አንድ ሥራ፣ አንድ ባለቤት» የሚለው የልጅቷ ሕግስ የልጅ ነገር ነው? እ.ኤ.አ. ሰኔ 1 ቀን 2009 ከሪዮ ዴ ጄኔሮ ወደ ፓሪስ ይበር የነበረ የኤር ፍራንስ ኤርባስ 330 አትላንቲክ ውስጥ ወድቆ 228 ሰዎች አለቁ። አደጋው ብዙ ምክንያት ነበረው፤ ፍጥነት የሚለኩት ቱቦዎች በበረዶ ተደፈኑ፣ ኦቶፓይለቱ ራሱን አጠፋ፣ አንዱ አብራሪ አፍንጫውን ወደ ላይ ጎተተ። ግን በመጨረሻዎቹ ቅጽበቶች ሁለቱ ረዳት አብራሪዎች እያንዳንዳቸው ጆይስቲካቸውን ይዘው ነበር። በኤርባስ ሁለቱ ጆይስቲኮች አልተያያዙም፤ አንዱ ሲጎተት ሌላው አይንቀሳቀስም። ሁለቱም ከተነኩ ኮምፒውተሩ ትእዛዛቸውን ይደምረዋል፤ ያስጠነቅቃልም። ለዚህ ነው በኮክፒት ውስጥ አንዱ «እኔ ይዣለሁ» ሲል ሌላው መልቀቅ ያለበት። በዚያ ሌሊት ማን እንደያዘ ግልጽ ሳይሆን ቀረ።

ሳሎናችን ውስጥ አፍንጫው ወደ ግራ ሲዞር ያየነው የዚሁ ችግር ታናሽ ወንድም ነው። አንድ መሪ ሁለት እጅ ሲይዘው ምን እንደሚሆን ለሀገር ጉዳይ አንባቢ ማብራራት አያስፈልገኝም፤ ሕጉን ከሰማይ አውርዶ መሬት ላይ ለሚሠራበትም አልከለክልም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከባድ ስለሆነ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ የተነሳው የበረራ ቁጥር 302 በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ሞቱ። አፍንጫውን ወደ ታች ይገፋ የነበረው ኤምካስ የተባለው ሥርዓት የሚያዳምጠው አንድ ሴንሰር ብቻ ነበር፤ ያ ሴንሰር ሲሳሳት የሚያርመው አልነበረም። ቦይንግ ደግሞ ለማክስ አውሮፕላን የሲሙሌተር ሥልጠና አያስፈልግም፣ በኮምፒውተር የሚሰጥ ትምህርት ይበቃል የሚል አቋም ይዞ ቆይቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ራሱ አቋሙን ቀየረ፤ ሲሙሌተር ያስፈልጋል አለ። በኢንዶኔዥያው አደጋ የሞቱት ሲደመሩ 346 ሰዎች ካለቁ በኋላ። የሳሎን ጆይስቲክ ያን ቀን ማንንም ያድን ነበር የሚል ቅጥፈት አልናገርም፤ የሟቾችን ቤተሰብ መዳፈር ይሆናል። የምለው ይህን ብቻ ነው፦ «ለልምምድ የሚወጣ ገንዘብ ቅንጦት ነው» የሚለው አስተሳሰብ ዋጋው ስንት እንደሆነ ከማንም በላይ ማወቅ የነበረብን እኛ ነን።

*

ወዲህ ደግሞ የራሴን ወገን ልንካ። የሲሙሌተር ወዳጆች ውስጥ «እኔ ቦይንግ አበራለሁ» የሚል አይጠፋም። አታበርም ወንድሜ። ወንበርህ አይናወጥም፣ ነፍስህ አትፈራም፣ ስትሳሳት አንድ ቁልፍ ተጭነህ እንደገና ትጀምራለህ። ቤት ውስጥ ብቻ የተለማመደ ሰው ዓይኑን ከመስኮቱ ነቅሎ መሣሪያ ላይ የመትከል መጥፎ ልማድ እንደሚያመጣ አስተማሪዎች ይናገራሉ። የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን እንኳ በመሣሪያ ለመብረር ከሚያስፈልገው 40 ሰዓት ውስጥ በተፈቀደ መሠረታዊ መለማመጃ እስከ 10 ሰዓት፣ በላቀው እስከ 20 ሰዓት ብቻ ነው የሚቆጥረው፤ ያውም መሣሪያው ተመርምሮ ሲጸድቅ፣ ከአስተማሪ ጋር። የእኛ የጣውላ ፔዳል አንድ ደቂቃም አይቆጠርለትም። ትክክል ነው።

ግን ልብ በሉ፤ ባለሥልጣኑ «ዜሮ» አላለም። ጠቃሚውን ከማይጠቅመው ለየ፣ ለካ፣ ወሰን አበጀ። እኛ ጋ መለየት የለም። ሰፈር ውስጥ ተማሪ ከክፍል ጠፍቶ የሚውልበት የፕሌይስቴሽን ቤትና የልጅቷ ካርቶን በአንድ ስም ይጠራሉ፤ በአንድ በር ይባረራሉ።

የዳይሬክተሩ ስጋት ባዶ ነው አልልም። ጌም የበላቸው ልጆች አሉ፤ አውቃለሁ። ወላጅ ውጤት ይፈልጋል፤ ይገባኛል። ታዲያ ውጤቱን እንይ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ እንደሆኑ ትምህርት ሚኒስቴር ራሱ ነግሮናል። እነዚያ ልጆች በሲሙሌተር ክበብ ብዛት አይደለም የወደቁት። ጨዋታ በተከለከለባቸው፣ ቤተ ሙከራ በተቆለፈባቸው፣ ሁሉ ነገር በቃል በሚጠናባቸው ክፍሎች ውስጥ ነው የተቀመጡት። መከልከል ውጤት ቢያመጣ ኖሮ እኛ ዓለምን እንመራ ነበር።

ደግሞ ምን እንደከለከሉ ልንገርዎ። ልጅቷ ከቦሌ ስትነሳ ሴስናው አልነሳ አላት። መንደርደሪያው ይሮጣል ይሮጣል፣ ሞተሩ ይንፈራገጣል። ቦሌ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ነው። ነዳጁ በባሕር ዳርቻ ልክ ሲፈስ ለዚያ ስስ አየር ይበዛበታል፤ ሞተሩ ይታፈናል። የአጎቴ ልጅ በላከው ስሮትል ላይ ሦስት ዘንጎች አሉ፤ አንዱ ኃይል፣ አንዱ ፕሮፔለር፣ አንዱ የነዳጅና የአየር ድብልቅ። ድብልቁን ቀስ አድርጋ ስትቀንሰው ሞተሩ ተነፈሰ፣ አውሮፕላኑ ተነሳ። የፕሮፔለሩን ዘንግ ደግሞ ሥራ አልሰጠችውም፤ የሴስናዋ ፕሮፔለር ማዘንበያው የማይቀየር ስለሆነ። የአየር ግፊት፣ ከፍታ፣ ቃጠሎ፤ ሦስት የመማሪያ ምዕራፍ በአንድ ምሽት፣ በራሷ እጅ። ያውም በተወለደችበት ከተማ አየር።

በአየር መንገዳችን እንኮራለን። እ.ኤ.አ. በ1945 ተመሥርቶ እዚህ መድረሱን በየመድረኩ እናነሳለን። ልጆቻችን «ሳድግ ፓይለት» ሲሉ እናጨበጭባለን። ልጅቷ ጣውላ ቆርጣ፣ ሽቦ በይዳ ስትመጣ ግን «ጨዋታ ነው» እንላታለን። ሕልሙን እንጂ ልምምዱን አንወድም ማለት ነው።

*

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነው።

ዳይሬክተሮች፦ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ከሰዓት፣ አንድ ኃላፊ መምህር። ሕግ አውጡ፤ ተኩስና ውርርድ ያለበት አይገባም በሉ፤ እያንዳንዱ ልጅ ምን ቀየርኩ ምን ሆነ ብሎ ደብተር ይያዝ በሉ። ከአንድ ሴሚስተር በኋላ ካልረባ ዝጉት። ሳያዩ መዝጋት ግን ጥንቃቄ አይደለም፤ ስንፍና ነው።

ወላጆች፦ ፕሮግራሙን መግዛት ካልቻላችሁ ፍላይትጊር የሚባል በነፃ የሚገኝ ሲሙሌተር አለ። ልጁ ስክሪን ላይ ስንት ሰዓት እንደቆየ ከመጠየቃችሁ በፊት ምን እንዳስተካከለ ጠይቁት። መልስ ከሌለው ያን ጊዜ ንቀሉት።

ውጭ ያላችሁ፦ ቁም ሳጥናችሁ ውስጥ አንድ ሰሞን ተጫውታችሁበት የተዋችሁት ጆይስቲክ አለ። ሻንጣችሁ ውስጥ ቦታ ከኖረ ለጫማ ብቻ አትስጡት።

ጡረታ የወጣችሁ አብራሪዎችና ቴክኒሻኖች፦ በወር ሁለት ሰዓት። ልጆቹ ከኢንተርኔት የሚለቅሙትን መጥፎ ልማድ የምታርሙት እናንተ ብቻ ናችሁ።

ክበቡ ለጊዜው እኛ ሳሎን ነው። ቅዳሜ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ አምስት ልጆች ይመጣሉ። አንዱ ያበራል፣ አንዱ ዝርዝሩን ጮክ ብሎ ያነባል፣ አንዱ ይጽፋል፣ ሁለቱ ተራ ይጠብቃሉ። ተራ ሲቀያየሩ «ይዣለሁ»፣ «ይዘሻል» ይባባላሉ፤ ያላለ ወንበሩን ይለቃል። እናቴ መጀመሪያ ታጉረመርም ነበር፤ አሁን ቆሎ ትቆላላቸዋለች።

የትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ክፍል በዚያው ሰዓት ተቆልፏል። ክቡር ዳይሬክተር፣ ካርቶኑ አሁንም አለ። ቡናውን በዚህኛው ዙር እኔ እጋብዛለሁ፤ ሳሎን ይምጡና የልጅቷን ደብተር ያንብቡ። ከዚያ በኋላም «ጨዋታ ነው» ካሉ፣ ይህንኑ ጽሑፍ እዚሁ ቻናል ላይ አጥፍቼ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ቸር ያሰማን።